ሮታሪ ሞተር ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ሮታሪ ሞተር ያላትን ማዝዳ አርኤክስ-8 የምንነዳ ሰዎች ጥቂት ነን። እኔ በዓይኔ ያየኋቸው ከራሴ ጋር ሦስት ናቸው። ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከመኪናዎቹ ቁጥር ይበልጣል። ከአዳማ ይደውላሉ፣ ከአዲስ አበባ ይደውላሉ፣ ሮታሪ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፈን ከፍተው ያዩ መካኒኮችም ይደውላሉ። ነገሩ ሁሌ አንድ ነው፦ ማታ ደህና የገባችው መኪና ጠዋት አልነሳም አለች። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው ብዬ ነው። መካኒክ አይደለሁም። ስድስት ዓመት ይህችን መኪና ይዤ ኖሬያለሁ፣ ብዙ ብር ወጥቶባታል፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ መውጣት ያልነበረበት ነው። እናንተም እንዳታወጡት ነው የምጽፈው።

ሮታሪ ሞተር ከሌላው በምን ይለያል?

ፒስተን የለውም፣ ቫልቭም የለውም። በፒስተን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር አለ። ሮተሩ ሞላላ በሆነ ቤት ውስጥ እየተሽከረከረ ቤንዚንና አየር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። በሦስቱ ጫፎቹ ላይ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ምላጮች አሉ። በፒስተን ሞተር ላይ ሪንግ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ምላጮቹ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ጥብቅ ብለው እንዲገጥሙ ግን መሃላቸው ስስ የዘይት ሽፋን መኖር አለበት። ይህችን ዘይት አስታውሷት፤ ከዚህ በታች ያለው ነገር አብዛኛው ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ሐሳቡ የጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው። ኤንኤስዩ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ሞተር በ1957 አስነሳ፣ ማዝዳ ደግሞ በ1967 ኮስሞ የተባለችውን ባለ ሮታሪ መኪና አወጣ። በ1991 ባለ አራት ሮተሯ ማዝዳ 787ቢ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን አሸነፈች። አርኤክስ-8 ከ2003 እስከ 2012 ነው የተመረተችው፤ ሁለት ሮተር፣ እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1.3 ሊትር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጠዋት አልነሳም ስትል መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁልፉን ልቀቁት። እውነቴን ነው። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለች ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ አትጨምሩ። ባዞራችሁ ቁጥር ቤንዚን ይረጫል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ይጠራቀማል፣ ባትሪውም እየደከመ ይሄዳል።

ከዚያ ጆሮና አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ደህና የሆነ ሮታሪ ሞተሪኖው ሲያዞረው ምት አለው፣ ቹፍ ቹፍ ቹፍ የሚል። ምቱ ጠፍቶ እንደ ቤት ማራገቢያ ዊርርር ብሎ በባዶ ከተሽከረከረ፣ ከኋላም ቤንዚን ከሸተተ፣ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል ማለት ነው። ዝግ ያለ፣ የደከመ ዙር ከሰማችሁ ወይም ቲክ ቲክ ብቻ ካለ፣ ነገሩ ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ወይም የተበላ ገመድ ነው። ምቱ ደህና ሆኖ፣ ዙሩም ፈጣን ሆኖ፣ የቤንዚን ሽታ የሚባል ነገር ከሌለ ደግሞ ቤንዚን እየደረሰ አይደለም፤ የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ እዩ፣ ቁልፍ ስትከፍቱ ከኋላ ወንበር በኩል የፓምፑ ድምፅ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይሰማ እንደሆነ አድምጡ።

ይህን ሳታጣሩ መካኒክ ብትጠሩ መካኒኩም መጥቶ ቁልፉን ነው የሚያዞረው። ያኔ ያልታፈነውም ይታፈናል።

ግን ለምንድን ነው የሚታፈነው? ትናንት እኮ ደህና ነበረች

ትናንት ምን እንዳደረጋችሁ አስታውሱ። ከአስር ጊዜ ዘጠኙን መልሱ ያው ነው፦ መኪናዋን ቀዝቃዛ እንዳለች አስነስታችሁ፣ ትንሽ አንቀሳቅሳችሁ፣ አጥፍታችኋታል።

ማንኛውም ሞተር ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጨምሮ ይሰጠዋል። የፒስተን ሞተር ይህን ብዙም ችግር ሳይገጥመው ይወጣዋል። ሮታሪ ላይ ግን ያ ትርፍ ቤንዚን ቅድም ያልኳችሁን የዘይት ሽፋን ያጥበዋል። ሞተሩ ሳይሞቅ ካጠፋችሁት ቤንዚኑ ውስጥ ይቀራል፣ ሽፋኑ ይሄዳል፣ ካንዴላው ይረጥባል። በማግስቱ ስታስነሱ ምላጮቹ በደንብ አያሽጉም፣ ኮምፕሬሽን (ውስጥ የሚጨመቀው አየር ግፊት) ይወርዳል፣ አይቃጠልም፣ ባለመቃጠሉ ሌላ ቤንዚን ይጨመርበታል። እንዲህ እየዞረ ይብሳል።

ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ችግር ተመቻችታ የተሠራች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ ቅርብ ለቅርብ ናት። ከአቶቴ ፒያሳ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ነው? የሞተሩ ሙቀት መርፌ ከቅዝቃዜው ምልክት ሳይነሳ ደርሳችኋል። ቡና ጠጥታችሁ፣ አስነስታችሁ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገዝታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ተመልሳችሁ ግቢ። አራት ጊዜ ተነስታ አራቱንም ጊዜ በቅጡ ሳትሞቅ ጠፋች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላይ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ለመሞቅ የበለጠ ጊዜ ትፈልጋለች። ፈረንጆቹ ስለ በረዶ ይጽፋሉ፣ እዚህ በረዶ የለም፣ ግን አጭር ጉዞው ብቻውን ይበቃል።

የእኔ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የታፈነችው እንዲህ ነበር። አንድ እሑድ የጎረቤት መኪና እንድትወጣ ብዬ የእኔዋን ከግቢ ወደ መንገድ አወጣሁ፣ ምናልባት አስር ሜትር። አጠፋሁ። ከሰዓት በኋላ አልነሳም አለች። ሦስት ቀን መንገድ ላይ አደረች።

ከታፈነች በኋላ እንዴት ነው የማስነሳት?

ረጋ ብላችሁ ሥሩት፣ ሰዓት ስጡት። በመጀመሪያ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የደከመ ባትሪ ይዞ የታፈነ ሮታሪ ለማስነሳት መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወይ ቻርጅ አስደርጉት፣ ወይ ከሌላ መኪና በኬብል እሰሩት።

ከዚያ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ተጭናችሁ ያዙ። አርኤክስ-8 ላይ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ሞተሪኖ ሲዞር ኮምፒውተሩ ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፣ አየር ብቻ ነው የሚገባው። ፔዳሉን ሳትለቁ እስከ 10 ሰከንድ አዙሩ። አቁሙ። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ፔዳሉን ለቃችሁ በተለመደው መንገድ ሞክሩ። ዙሩ መሃል ላይ ፑፍ ፑፍ ማለት ከጀመረች ተስፋ አለ፣ ፔዳሉን በትንሹ እየነካችሁ አግዟት።

እምቢ ካለች ካንዴላ መፍታት ነው። አራት ካንዴላ አላት፣ ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ሁለት፣ በሞተሩ ግራ ጎን። ብዙ ሰው የግራውን የፊት ጎማ ፈትቶ ነው እጁን የሚያስገባው። ከመጀመራችሁ በፊት የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ አውጡ፤ የቱ እንደሆነ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተሥሏል። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልኩትን የኮይሎቹን ሶኬትም ንቀሉ። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሪኖ ስታዞሩ በቀዳዳዎቹ ቤንዚን እንደ ጉም ይወጣል። ስለዚህ በር ተዘግቶ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገቡ አይቆምም፣ ከሰል የተቀጣጠለበት የቡና ምድጃ ግቢ ውስጥ ካለ ወዲያ ይሂድ። ይህን የምለው ቀልድ ስላይደለ ነው።

ውስጡ ሲደርቅ ለእያንዳንዱ ሮተር በታችኛው የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ ትንሽ አዙሩት፣ ዘይቱ ግድግዳውን ይቀባል። የታጠበውን ሽፋን መመለሳችሁ ነው። አዲስ ወይም በደንብ የደረቀ ካንዴላ ግጠሙ፣ ሶኬቱንና ፊውዙን መልሱ፣ አስነሱ። ስትነሳ ወፍራም ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሸፈናል። የጨመራችሁት ዘይትና የቀረው ቤንዚን እየተቃጠለ ነው፣ አትደንግጡ፣ ጎረቤት ግን ቀድማችሁ ንገሩ።

ከተነሳች በኋላ አታጥፏት! መርፌው መሃል እስኪደርስ አሙቋትና ይዛችኋት ውጡ። እኔ ቀጥታ በጥቁር ውሃ በኩል ወጥቼ ሻሸመኔ ደርሼ ነው የምመለሰው።

ገፍተን ብናስነሳትስ?

አይሆንም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ላይ ያለው ካታሊስት (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል) ውስጥ ይገባል፣ ስትነሳ እዚያ ውስጥ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱ ይቀልጣል ወይም ይደፈናል። የተደፈነ ካታሊስት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሞተሩ ይመልሳል። የሰፈር ልጆች "በሁለተኛ ማርሽ እንግፋላት" ሲሉ አመስግናችሁ እምቢ በሉ።

ባትሪው ደህና ነው፣ መብራት ያበራል። ታዲያ ሞተሪኖው ለምን ይደክማል?

መብራት ማብራትና ሞተር ማዞር አይገናኙም። ሌሊት ያደረ ሙሉ ባትሪ በቮልቲሜትር 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከሆነ ወደ ሦስት አራተኛ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው በሉት። አንድ ሰው ቁልፍ እያዞረ ቮልቲሜትሩን እዩ፤ ከ10 ቮልት ብዙ ዝቅ ካለ ባትሪው ሥራ አቁሟል። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ደግሞ ዲናሞውን አስፈትሹ።

የሐዋሳ ቀን ሙቀት ባትሪ ይጎዳል፣ የጠዋቱ ብርድ ደግሞ ጉዳቱን ያወጣዋል። ስለዚህ በኅዳር የሞተ የሚመስል ባትሪ በሚያዝያ ነው የተጎዳው።

ለሮታሪ ይህ ነገር ከሌላ መኪና የበለጠ ያሳስባል። ኮምፕሬሽኑ የሚገኘው ከዙር ፍጥነት ነው። ሞተሪኖው በደቂቃ 250 ዙር ያህል ማዞር አለበት፤ 180 ወይም 200 ላይ ከሆነ ጤነኛ ሞተር እንኳ የሞተ ይመስላል። ማዝዳ ራሱ በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ጠንከር ያለ ሞተሪኖ ነው የገጠመው። የ2004 ወይም የ2005 መኪና ካላችሁና ሞተሪኖው የመጀመሪያው ከሆነ፣ መቀየሩን አስቡበት። የእኔ ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ገንዘቡን የመለሰልኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን የባትሪውን ተርሚናልና ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈትታችሁ በብሩሽ አጽዱ። ይሄ ብር አይጠይቅም።

ካንዴላውንና ኮይሉን በምን አውቃለሁ?

ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ቤንዚን የሚሸት እርጥበት ካለው ታፍኗል፣ ጥቁርና ቅባት ከሆነ ለረጅም ጊዜ በደንብ አልተቃጠለም። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ላይኛውና ታችኛው አንድ ዓይነት ካንዴላ አይደሉም። ታችኛው ሊዲንግ፣ ላይኛው ትሬይሊንግ ይባላል፣ ቁጥራቸውም ይለያል። መካኒኩ "አራት ካንዴላ ስጠኝ" ብሎ አራት ተመሳሳይ ገዝቶ ቢመጣ መልሱት። የፒስተን መኪና ካንዴላ "ጥርሱ ይገጥማል" ተብሎም አይገጠምም።

ኮይሉም አራት ነው፣ ለእያንዳንዱ ካንዴላ አንድ። አርኤክስ-8 ላይ በጣም ቶሎ የሚደክመው ዕቃ ኮይል ነው፣ ብዙ ባለቤቶች በየ50 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩታል። ሙሉ በሙሉ አይሞትም፣ ይደክማል። ቀን ቀን ሞቅ ሲል ይሠራል፣ ጠዋት ርጥብ ካንዴላ ላይ ሲደርስ ይሸነፋል። ቼክ ኢንጂን በርቶ በማሽን ሲታይ ፒ0301 ካለ የፊተኛው ሮተር እየሳተ ነው፣ ፒ0302 ካለ የኋለኛው። ስትቀይሩ አራቱንም በአንዴ ቀይሩ። አንድ እየቀየሩ መፈለግ መጨረሻ የለውም።

ሌላው ችላ የሚባለው ከፊት ፑሊው አጠገብ ያለው የዙር ሴንሰር ነው። ቆሻሻና የብረት ብናኝ ሲይዘው ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም፣ እሳቱን በሰዓቱ አይልክም። ፈቶ በጨርቅ መጥረግ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።

መካኒኩ ኮምፕሬሽን ለክቶ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" አለኝ። ላውርደው?

ቆዩ። እባካችሁ ቆዩ። ይሄን ገጽ የጻፍኩት ለዚህች ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እኔም ተብያለሁ። ስም አልጠራም፣ አንድ ጋራዥ ነው፣ ለካ፣ ቁጥሩን አሳየኝ፣ "ወንድሜ ይሄ ሞተር ሞቷል" አለኝ። ለማውረድና ለመክፈት ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ። ሞተሩ ወረደ። ሁለት ወር ተቀመጠ። በኋላ ሌላ ባለሙያ አየው፣ ምላጮቹ ደህና ነበሩ። ችግሩ የደከመ ባትሪ፣ ያረጁ ካንዴላዎችና በተሳሳተ መንገድ የተነበበ ቁጥር ነበር። ያ ቁጥር ለምን እንደተሳሳተ ላስረዳ።

አንደኛ፣ ተራው የኮምፕሬሽን ጌጅ ለፒስተን ነው የተሠራው። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ቁጥር። ሮተር ግን ሦስት ፊት አለው፣ ሦስት ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ሁለቱ ሮተር በድምሩ ስድስት። ጌጁ ግፊቱን ይዞ ስለሚቆይ ከሦስቱ ትልቁን ብቻ ያሳያል። ሁለቱ ደህና ሆነው አንዱ የሞተ ቢሆን አይነግራችሁም። የሮታሪ መለኪያ ማሽን ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ የጌጁን የመልቀቂያ ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ሞተሪኖ አስዙሩና መርፌውን በስልክ ቅረጹት። መርፌው መዝለል አለበት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ ስታዩ ሦስቱ ዝላዮች እኩል ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። አንዱ ዝላይ ሁሌ የሚጎድል ከሆነ ያ ፊት ላይ ምላጭ ተጎድቷል።

ሁለተኛ፣ ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ፔዳሉ ተረግጦ ነው። ታፍኖ የቆመ ሞተር ላይ የተወሰደ ቁጥር ዋጋ የለውም። ዘይቱ ታጥቦ ሄዷል እኮ! መጀመሪያ አድርቁት፣ ዘይት ስጡት፣ ከዚያ ለኩ።

ሦስተኛው ነገር ከፍታ ነው፣ ይሄን እዚህ አገር የሚያነሳው ሰው አላጋጠመኝም። ማዝዳ ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 680 ኪሎፓስካል ነው፣ በፒኤስአይ 99 ገደማ፣ በ250 ዙር። የአዲስ ሞተር ልክ 830 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሞተር ናቸው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዳማም እንደዚያው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከ18 እስከ 19 በመቶ ያንሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንን ስስ አየር ስለሆነ የሚያሳየው ቁጥርም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ 680 የተባለው ዝቅተኛ ልክ ሐዋሳ ላይ 550 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 510 አካባቢ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሞተር ሐዋሳ ላይ ብትለኩት 680 ገደማ ነው የሚያሳያችሁ፣ ማለትም የማዝዳ የጥገና መጽሐፍ "ከዚህ በታች አልቋል" ያለው መስመር ላይ። ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት እንደተፈታ አስቡት።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እኩልነቱን እዩ። በአንድ ሮተር ሦስት ፊቶች መካከል ልዩነቱ ከ150 ኪሎፓስካል መብለጥ የለበትም፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ደግሞ ከ100።

ጠዋት ጥሩ ትነሳለች፣ ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት ግን አትነሳም። ይሄስ?

ይሄ ከጠዋቱ ችግር የከፋ ነው፣ አልዋሻችሁም። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ምላጭን ይደግፈዋል፣ ጠዋት ትነሳለች። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ድጋፉ ይጠፋል። የኮምፕሬሽን ማለቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እንዲህ ነው። ሞተሪኖና ባትሪ አዲስ ሆነው ይሄ ከቀጠለ ከላይ በጻፍኩት መንገድ አስለኩ። ማዳን ከፈለጋችሁ ምላጩ ሳይሰበር መውረዱ ይሻላል፤ የተሰበረ ምላጭ ሮተሩንም ቤቱንም ይዞ ይሄዳል።

ጠዋት ስትነሳ እየተንቀጠቀጠች ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ከዚያ ደህና ትሆናለች

የራዲያተሩን ውሃ ደረጃ እዩ። እየጎደለ ከሆነና ጭሱ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ውስጥ ያለው የውሃ ሲል ተበልቶ ሌሊት ወደ ሮተሩ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ የውሃው ጠርሙስ ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መኪናዋን ሙቀት ውስጥ ረጅም መንገድ አትውሰዷት። ይሄ በዱቄትና በኬሚካል የሚደፈን ነገር አይደለም።

ስትነሳ ለጥቂት ጊዜ እንደ ቫኪዩም ክሊነር የሚጮህ ነገር ከሰማችሁ ግን አትጨነቁ። ካታሊስቱን ቶሎ የሚያሞቀው የአየር ፓምፕ ነው።

ዘይት ትበላለች፣ የትኛውን ልጠቀም?

ዘይት መብላቷ በሽታ አይደለም፣ እንደዚያ ሆና ነው የተሠራችው። አንድ ትንሽ ፓምፕ ምላጮቹን ለማለስለስ ከሞተሩ ዘይት እየወሰደ ውስጥ ይረጫል። ሁለት ጊዜ ነዳጅ በሞላችሁ ቁጥር ዲፕስቲኩን አውጥታችሁ እዩ። በጭራሽ የማትበላ ከሆነ ነው መጠርጠር፣ ፓምፑ እየሠራ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ሱቁ ሁሉ 20ደብሊው-50 ነው የሚሰጣችሁ። ለጠዋት ማስነሳት ወፍራም ነው፣ ሞተሪኖውን ያደክመዋል። 5ደብሊው-30 ፈልጉ። ከቤንዚኑ ጋር የቱ-ስትሮክ ዘይት የምንቀላቅልም አለን፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ታንክ ከመሙላት በፊት ጨምሮ መሙላት ነው። እኔ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፣ ከዚያ ወዲህ የታፈነችብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ማደያ ሰልፍ ሲሆን በሃይላንድ የሚሸጠውን ብጨምርስ?

ሮታሪ ስለ ኦክቴን ብዙ አይጨነቅም፣ ተራውን ቤንዚን በደንብ ይጠቀማል። ግን ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጠዋት ላይ በቀላሉ አይቃጠልም፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ሰልፉን ቆሙ።

መኪናዋን ከግቢ ማውጣት ብቻ ብፈልግስ? ሁሌ ሻሸመኔ ልሂድ?

ከቻላችሁ በእጅ ግፏት። ማርሽ ዜሮ አድርጋችሁ ሁለት ሰው ይበቃታል፣ ቀላል መኪና ናት።

ካስነሳችኋት ግን ጨርሱት። መርፌው ከቅዝቃዜው ተነስቶ መሃል እስኪደርስ ቆማ ትሥራ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ። የግድ ቀዝቃዛ እንዳለች ማጥፋት ካለባችሁ 3,000 ዙር ላይ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ያዟትና ልቀቁ፣ ዙሩ ሲወርድ አጥፉ። የተጠራቀመው ቤንዚን ይጠረጋል። እንደ ማሞቁ አይሆንም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

በሳምንት አንዴ ደግሞ መንገድ ስጧት። ሻሸመኔ ደርሶ መመለስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይርጋለም ትንሽ ይርቃል፣ መንገዱ ግን ደስ ይላል። በደንብ ከሞቀች በኋላ ነጻ መንገድ ላይ ከፍ ያለ ዙር ላይ አድርሷት። ውስጥ የተጠራቀመው ካርቦን የሚወጣው እንዲያ ነው።

መለዋወጫ ከየት ነው የምታመጣው?

ሐዋሳ ላይ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ላይ ፊልትሮና አንዳንዴ ካንዴላ ይገኛል። ኮይልና ሞተሪኖ ከዱባይ በሰው ነው የማስመጣው፣ እዚያ መኪናዋ ብዙ ናት። ስታዙ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ላኩ፤ ባለ አራትና ባለ ስድስት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሞተር አለ፣ የመጀመሪያውና የኋለኛው ሞዴልም ዕቃቸው ይለያያል። አንድ ሙሉ የካንዴላ ጥቅል፣ ሁለት ሊዲንግ ሁለት ትሬይሊንግ፣ ሁሌም ቤት ይኑራችሁ። የካንዴላ ቁልፍና ቮልቲሜትርም አብረው ይቀመጡ።